እማዬንና አባዬን እንዴት ብዬ ልጻፋቸው?

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እማዬና አባዬ 51 ዓመት በትዳር ኖረዋል። እማዬ ካረፈች ዘጠኝ ወር ሆናት። አባዬ ከእሷ በኋላ የቆየው አራት ወር ብቻ ነው። እኛ አራት ልጆች ነን፤ እኔ ሁለተኛዋ ነኝ። ለልጆቻችን የሚቀር አንድ ትንሽ መጽሐፍ እናዘጋጅ ተባባልንና ጽሑፉ እኔ ላይ ወደቀ። ሦስት ገጽ ጽፌ ቆምኩ። «ተዋደው፣ ተከባብረው፣ ልጆቻቸውን በሥነ ሥርዓት አሳድገው» የሚል ነው። የማንም ወላጅ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ለአንድ ዓመት ከምናምን ተለያይተው ኖረዋል። ታላቅ ወንድሜ «ሙት ወቃሽ አያድርገን፣ ይሄ ነገር አይነሳም» ይላል። የመጨረሻዋ እህታችን ጭራሽ አታውቅም። ቁም ሳጥኑ ላይ ደግሞ ያኔ የተጻጻፉትን ደብዳቤ የያዘ ካርቶን አገኘን። እስካሁን አልከፈትነውም።

አባዬ ብቻውን በቀረባቸው ወራት ማታ በር ይቆልፋል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ሄዶ እጀታውን ይሞክረዋል። ድሮ እሱ ይቆልፋል፣ እማዬ ትፈትሻለች። ይህን ሳይ ምን ያህል እንደተጎዳ መረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን በእማዬ ሐዘን ተይዤ እሱን አላየሁትም። ሲሞትም በቅጡ አላለቀስኩለትም። ምን ይሻለኛል?

ሁለተኛዋ ልጅ

መልስ

እህቴ፣ ፈጣሪ ያጽናሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያቆመኝ አንድ ቦታ ነው፤ የበሩ እጀታ።

ጽሑፉ አልመጣ እንዳለሽ ነግረሽኛል። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጽ ግን ለእኔ ጽፈሽ ልከሽዋል። አባትሽ ይቆልፋሉ፣ እናትሽ ይፈትሻሉ። ይህ እንዴት ተጀመረ? ምናልባት አንድ ሌሊት በሩ ሳይቆለፍ አድሮ ይሆናል። ምናልባት አባትሽ መጀመሪያ ሰሞን «አላመንሽኝም እንዴ?» ብለው ተቆጥተው፣ ኋላ ላይ ለምደውት ይሆናል። ከዚያ እናትሽ ሲሄዱ የእሳቸውንም ድርሻ ደርበው ያዙት። «ተዋደው ተከባብረው» ከሚለው ሦስት ገጽ ይልቅ ይሄ አንድ ነገር ስለ ሁለቱ ብዙ ነገረኝ። አንቺም በመጨረሻ ላይ፣ ለሌላ ጉዳይ ብለሽ፣ ሳታስቢው ነው ያነሳሽው።

ወደ መጽሐፉ ከመግባታችን በፊት ግን አባትሽን እናንሳ። ሸክሙ ያለው እዚያ ስለሆነ።

የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው ሰውነቱም አብሮ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ያወቁት ዛሬ አይደለም። ኮሊን መሪ ፓርክስ የተባሉ እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሚስት የሞተባቸው 4,486 ወንዶችን ታሪክ ለዘጠኝ ዓመት ተከታትለዋል። ሁሉም ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ 213ቱ ሞተዋል። ይህ በዚያው ዕድሜ ካሉ ባለትዳር ወንዶች ከሚጠበቀው በ40 በመቶ የበለጠ ነው። ከሁሉም በላይ ጨምሮ የተገኘው የልብ ሕመም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩ ቀስ በቀስ እየወረደ መጣ።

ይህን የምነግርሽ አባትሽ በሐዘን ሞቱ ለማለት አይደለም። በምን እንዳረፉ ሐኪማቸው ያውቃል። የምነግርሽ እነዚያ የመጀመሪያ ወራት ለማንም ሰው ከባድ መሆናቸውን እንድታውቂ ነው። አንቺ እጀታውን ሲሞክሩ ብታዪና ብትገቢያቸው ኖሮ ነገሩ ይቀየር ነበር ብሎ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ደግሞም አይተሻል እኮ። ባታዪ ኖሮ አትጽፊልኝም ነበር።

አላለቀስኩለትም ላልሽው፣ ሁለት ሐዘን በአራት ወር ውስጥ ሲመጣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ውስጥ ይሰምጣል። እንዲህ ብሎ የጻፈልኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። የምመክርሽ ቀላል ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ስለ አባትሽ ብቻ ጻፊ። እናትሽን አታስገቢ። እናትሽን ከማግባታቸው በፊት የነበሩትን ልጅ ፈልጊ። ምን ይፈራ ነበር? ማን ይመታው ነበር? የመጀመሪያ ደመወዙን ምን አደረገው? ለአባትሽ የራሳቸውን ቦታ ስትሰጪ፣ ያልወጣው ዕንባ ይመጣ ይሆናል። ባይመጣም አትጨነቂ፤ ያ ሁሉ ጽሑፍ ራሱ ለእሳቸው ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋብሽ፣ ጠዋት መነሳት ካቃተሽ ግን ይህ ዓምድ አይበቃም። ሐኪም አማክሪ።

አሁን ወደ መጽሐፉ።

እኔም ወላጆቼን ሁለቱንም ቀብሬአለሁ። አባቴ ነው የቀደመው። እሱ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን እናቴን «እዚያ የመጀመሪያው ቤት ስንት ዓመት ኖርን?» ብዬ ጠየቅኋት። ልትመልስልኝ አፏን ከፈተችና ፊቷን ወደ አባቴ ወንበር አዞረች። ወንበሩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ነበር። እጇን ጭኗ ላይ ሰብስባ ትንሽ ቆየች። «ዓመት የሚይዘው እሱ ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አባቴ ዓመተ ምሕረትና መንገድ ያውቃል። እናቴ ሰውና ዘመድ ታውቃለች፤ ማን ከማን እንደሚወለድ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። አባቴን የልጅ ልጆቹን ልደት ብትጠይቂው «እሷን ጠይቋት» ነው መልሱ። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 የጻፈው ይህንኑ ነው። አብረው የሚኖሩ ሰዎች የማስታወስን ሥራ ይከፋፈሉታል። አንዱ ይህን ይይዛል፣ ሌላው ያንን። እያንዳንዱ ሌላው የያዘውን ነገር ራሱ ባይዘውም፣ ማን ጋ እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ አንዱ ሲሞት የቀረው ሰው የገዛ ሕይወቱ ግማሽ ይጠፋዋል።

እናንተ ቤት ደግሞ ሁለቱም ሄደዋል። ሦስት ገጽ ላይ የቆምሽው ችሎታ አንሶሽ አይደለም። የምትጠይቂያቸው ሰዎች ስለሌሉ ነው።

እናቴ ከሞተች በኋላ እኔም ስለ ሁለቱም ጽፌአለሁ። ለየብቻ፣ በንጹሕ ወረቀት። የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ ምን ሠሩ፣ ስንት ልጅ ወለዱ። ቀኑ ሁሉ ትክክል ነው። ከዓመታት በኋላ አውጥቼ ሳነበው ደነገጥኩ። እዚያ ወረቀት ላይ ያሉት ሁለት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አብረው የኖሩ አይመስሉም። በዚህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ያኔ ልጠይቃቸው እችል የነበሩት ብዙዎቹ አሁን የሉም።

አንቺ እንደ እኔ አታድርጊ። የእያንዳንዳቸው ልጅነት ለየብቻው ይጻፍ። ከተገናኙ በኋላ ግን በመካከላቸው የነበረውን ጻፊ። ሲጠራሩ እንዴት ነበር የሚጠራሩት? በስም ነው? በልጅ ስም ነው? ሲናደዱ የሚጠራሩበት ስም ይለያል? ሲኳረፉ ቀድሞ የሚያናግረው ማን ነበር? በምን ሰበብ? ገንዘብ የሚይዘው ማነው? ከቤት ሲወጡ ማን ማንን ይጠብቃል? አንዱ ሲታመም ሌላው ምን ይሆናል? አንዳንድ ሰው ሲጨነቅ ይቆጣል፤ እሱም ይጻፍ። እናትሽ አባትሽን ለማሳቅ ምን ይሉ ነበር? አንድ ቀልድ ለ50 ዓመት ሲደጋገም የሰማ ልጅ ቀልዱን እንደ ቀልድ አይቆጥረውም። ለልጅ ልጆቻችሁ ግን አዲስ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ይዘሽ ሰዎች ጋ ሂጂ። «ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ?» ብለሽ አትጠይቂ። መልሱ «ደጎች ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር» ነው፤ ከዚያ ዝም። በትልቁ ሰው ጀምሪ፤ አክስት፣ አጎት፣ የድሮ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ። በተለይ ከመጋባታቸው በፊት የሚያውቋቸውን። ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ከሁሉም አብልጦ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ድረስ ያለውን ጊዜ መሆኑን የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው አይተውታል። የዛሬ ሳምንት የነገርሻትን የረሳች አክስት፣ አባትሽ እናትሽን ሊያዩ የመጡ ቀን ምን ለብሰው እንደነበር ልትነግርሽ ትችላለች። አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅጂ። ስትሳሳት አታርሚያት። ዓመተ ምሕረቱን በኋላ ታስተካክይዋለሽ፤ አሁን ካቋረጥሻት ግን የምታወራው ይጠፋታል። የቆየ ፎቶ ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ፎቶው ላይ ጥግ ላይ የቆመውን፣ አንቺ የማታውቂውን ሰው ጠይቂ።

እስቲ ወደ ወንድምሽ እንምጣ።

ወንድምሽ «ሙት ወቃሽ አያድርገን» ማለቱ ክፋት አይደለም። ወላጆቹን መጠበቁ ነው። ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር? ትልቁ ልጅ እሱ ከሆነ፣ ያንን ዓመት ከሁላችሁም በላይ ያየው እሱ ነው። አንቺ በሰባት ዓመትሽ ያላየሽውን አይቶ ይሆናል። ስለዚህ ከመከራከርሽ በፊት ቁጭ ብለሽ ጠይቂው። ለመጽሐፉ ብለሽ ሳይሆን፣ እንዴት እንዳለፈው ጠይቂው። ማንም ጠይቆት የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ ግን የራሴን ልንገርሽ። ያ ዓመት መቅረት የለበትም። 51 ዓመት ያለ አንድ ጭቅጭቅ የኖሩ ባልና ሚስት አድርጋችሁ ከጻፋችኋቸው፣ መጽሐፉን የሚያነቡት የልጅ ልጆች ነገ ሲያገቡና ሲጣሉ የእኛ ትዳር አልሆነም ይላሉ። ተለያይተው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። መመለሳቸው ከመለያየታቸው ይበልጣል፤ መለያየቱን ከሰረዝሽ ግን መመለሱም አብሮ ይሰረዛል። ምክንያቱን ካላወቃችሁ ምክንያት አትፍጠሩ። «ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ከአንድ ዓመት በላይ ተለያይተው ኖሩ። ከዚያ ተመለሱ» ማለት ይበቃል። በሕይወት ያለ ሌላ ሰው በነገሩ ካለበት ስሙ አይነሳ። ትንሿ እህታችሁ ደግሞ ከመጽሐፉ ላይ አንብባ መስማት የለባትም። አንቺና ወንድምሽ አብራችሁ ንገሯት፣ በአካል።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የአሜሪካ 39ኛው ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተርና ባለቤታቸው ሮዛሊን 77 ዓመት በትዳር ኖረዋል። የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ሮዛሊን በ2023፣ እሳቸው በ2024 አረፉ። በ1987 የወጣ አንድ መጽሐፍ አብረው ሲጽፉ ሊጣሉ ደርሰው ነበር። አብረው ያዩትን አንድ ነገር ሁለቱ ለየቅል ያስታውሱት ነበር፤ እያንዳንዳቸውም የእኔ ነው ትክክል ይላሉ። በመጨረሻ መፍትሔው ምን ሆነ? ያልተስማሙበትን አንቀጽ ለየራሳቸው ጻፉ። የእሳቸው አንቀጽ ላይ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ተደረገ፣ የሷም ላይ የሷ። አንባቢው ማን እንደሚናገር ያውቃል።

ይህ ለእናንተ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። አራት ልጆች ናችሁ፤ አራታችሁም ያደጋችሁት ትንሽ በሚለያዩ ወላጆች እጅ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ያገኛቸው ወጣት፣ ገንዘብ የሌላቸው፣ ትዕግሥት ያጠራቸው ሰዎች ናቸው። የመጨረሻዋ ያገኘቻቸው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ልባቸው የረጋ ሰዎች ናቸው። ሁሉንም በአንድ ድምፅ ልጻፍ ካልሽ መልሰሽ «ተዋደው ተከባብረው» ላይ ትወድቂያለሽ። ከእያንዳንዱ ትዝታ ሥር የተናጋሪው ስም ይቀመጥ። ወንድምሽም ያንን ዓመት በራሱ ስም፣ እስከ ፈለገው ድረስ ይጻፈው። ሁለት መስመር ብቻ ከጻፈ ሁለት መስመር ይሁን።

ካርቶኑን በተመለከተ፣ በእኔ አስተያየት ዘንድሮ አትክፈቱት። ብዙ ሰው «ሊያቃጥሉት ይችሉ ነበር፣ ስላላቃጠሉት እንድናነበው ፈልገዋል» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ደብዳቤ የሚያስቀምጠው ለራሱ ነው። አንዳንዴም ካርቶኑ እዚያ መኖሩን ይረሳዋል። አንቺ ደግሞ አሁን ቁስልሽ ገና ጥሬ ነው። አባትሽ በንዴት የጻፉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ብታነቢ፣ ቀጥሎ ያለውን የይቅርታ ደብዳቤ ሳትደርሺበት ያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይቀርሻል። አንድ ዓመት ይቆይ። ደረቅ፣ ጨለማ ያለበት ቦታ አስቀምጪው፤ የሚታፈን ፕላስቲክ ውስጥ አታድርጊው፣ በፕላስተር አታጣብቂው። ከዓመት በኋላ አራታችሁም ከተስማማችሁ ሁለት ሰው ብቻ መርጣችሁ ያንብብ፤ በቅደም ተከተል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። የባልና ሚስት ብቻ የሆነ ነገር ካገኙ ወደ ካርቶኑ ይመልሱት። እባካችሁ፣ ማንም ፎቶ አንስቶ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንዳይለጥፍ።

የማይቆይ ሌላ ነገር ግን አለ። ድምፃቸው። ዛሬ ማታ አራታችሁም ስልካችሁን ክፈቱና እናትሽና አባትሽ የላኩትን የድምፅ መልእክት ሁሉ አውጥታችሁ ሌላ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። የእነሱን ስልኮች ቻርጅ አድርጉ፣ ከውስጣቸው ያለውን ሳታወጡ አታጥፏቸው፣ ለሰው አትስጧቸው። መስመሩ ዝም ሲል ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ዋትስአፕ ለ120 ቀን ያልተነካ አካውንት በአብዛኛው ይሰርዛል። የድሮ ካሴት ካለ ደጋግማችሁ አታጫውቱት፤ ባለሙያ አንድ ጊዜ ሲያጫውተው እየገለበጠ ይሁን። ከፎቶዎቹ ጀርባ ላይ ደግሞ በእርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ማን እንደሆነ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።

«ዳቦ ይዘሽ ነይ» የሚል የስምንት ሰከንድ መልእክት ካገኘሽ እንዳትንቂው። እኔ እናቴ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ አይሰማም» የምትልበት አንድ ቅጂ አለኝ። ከጀርባ አባቴ «ዝጊውና እንደገና ደውይ» ይላል። ሁለቱም አንድ ላይ ያሉበት ሌላ ድምፅ የለኝም።

መጽሐፉን ዛሬ ለመጨረስ አትቸኩይ። ማታ ጸጥ ሲል ስለ በሩ ያወቅሽውን ሁሉ ጻፊ። መቼ እንደተጀመረ ታላቅ ወንድምሽን ጠይቂው፤ ይህን እንኳ በደስታ ይነግርሻል። ቤቱ ውስጥ አሁን የሚኖር ሰው ካለ ደግሞ፣ ማታ የሚቆልፈው ማን እንደሆነና ተመልሶ የሚፈትሽ እንዳለ ጠይቂና እሱንም ጨምሪበት።